ሽማግሌ፣ ወረዳ ወይስ ፍርድ ቤት? ለቤተሰብ፣ ለቤትና ለገንዘብ ክርክር የቱ ያዋጣል

ጠብ ሲነሳ መካሪ አይጠፋም። አጎት «ሽማግሌ ይግባበት» ይላል። ጎረቤት «ወረዳ ሄደሽ አመልክቺ» ትላለች። የሥራ ባልደረባ ደግሞ ነገሩን በግማሽ ጆሮ ሰምቶ «ክሰሰው፣ ምን ትጠብቃለህ!» ይላል። ሁሉም ለደግ ነው የሚናገሩት። ግን አንዱም መንገድ ለሁሉም ጉዳይ አይሆንም። ሽማግሌ ባልና ሚስትን ማፋታት አይችልም። ለ3,000 ብር ብድር ጠበቃ መያዝ ከብድሩ በላይ ያስወጣል። ውርስን በግልግል ዳኛ፣ ማለትም ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በመረጡት የግል ዳኛ፣ እንጨርስ ያሉ ሰዎችን ደግሞ ሕጉ ራሱ ይመልሳቸዋል።

እዚህ የማወዳድረው በአዲስ አበባ ያለውን አሠራር ነው። የፌደራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ብዙው ይመሳሰላል፣ ዝርዝሩ ግን ይለያያልና ክልል ያላችሁ የክልላችሁን አዋጅ እዩ።

## ከመምረጥ በፊት አምስት ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ የሥልጣን ነው። የሚሄዱበት አካል ይህን ጉዳይ ማየት ይችላል? ካልቻለ የቀረው ሁሉ ድካም ነው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከዚያ ቦታ ይዘውት የሚወጡት ወረቀት ምን ያስደርጋል? ሌላው ወገን ነገ ተነስቶ «አልፈጽምም» ቢል ፖሊስ፣ ባንክ ወይም የመሬት ጽሕፈት ቤት ያንን ወረቀት አይቶ ይንቀሳቀሳል? ወይስ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል?

ሦስተኛው ጊዜና ወጪ ነው። ወጪ ሲባል የጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ የሚቀሩበት ቀንም ይቆጠራል። አራተኛው ከጉዳዩ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ከአከራይዎ ጋር ዳግም ላይተያዩ ይችላሉ። ከእህትዎ ጋር ግን በእናታችሁ ተዝካር መገናኘታችሁ አይቀርም። አምስተኛው የአቅም ሚዛን ነው። አንዱ ወገን ፈሪ፣ ሌላው የሚያስፈራ ከሆነ በድርድር የሚገኘው ስምምነት ብዙውን ጊዜ የፈሪው ኪሳራ ነው።

## ሽምግልና

የሽማግሌ ጥቅም የታወቀ ነው። ማታም እሑድም ይሰበሰባሉ። የቤተሰቡን ታሪክ ያውቃሉ። ገመናም አደባባይ አይወጣም። ወጪው ቡናና ምሳ ነው።

ብዙ ሰው ግን የማያውቀው ነገር አለ። ሕጉ እርቅን በደንብ ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ግልግል ስምምነት ይደነግጋል። በቁጥር 3312 መሠረት በትክክል የተደረገ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለዚህ «የሽማግሌ ወረቀት ዋጋ የለውም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ዋጋ የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ አጻጻፉ ነው።

የተለመደው የእርቅ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱም ወገኖች ቂማቸውን ትተው፣ በገንዘቡም ጉዳይ ተግባብተው፣ ከእንግዲህ በሰላም ለመኖር ተስማምተዋል።» ያማረ ነው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ምን ይፈጸምበታል? ስንት ብር? መቼ? ይህን ደግሞ ተመልከቱ፦ «ተበዳሪ 60,000 ብር ዕዳ እንዳለበት አምኗል። ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየወሩ በ5ኛው ቀን 10,000 ብር በአበዳሪ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። አንድ ክፍያ ከ15 ቀን በላይ ቢዘገይ የቀረው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።» ሁለተኛው ቅኔ የለውም፤ ግን ያስፈጽማል። የሁለቱም ፊርማና ቢያንስ የሁለት ምስክር ፊርማ ይኑርበት።

ክስ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ዕድል አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው መሠረት የእርቁን ስምምነት ለዳኛው ማቅረብ ይቻላል። ዳኛው ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው የሽማግሌው እርቅ በፍርድ ቤት ማኅተም ይወጣል። ጠበቆች «ስምምነቱን መዝገብ ላይ አስፍሩት» የሚሉት ይህንን ነው።

ሽምግልና ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው እግድ መስጠት አለመቻሉ ነው። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሊሰበሰቡ ተቀጣጥረው ሐሙስ ዕለት ቤቱ ቢሸጥ ምንም ማድረግ አይችሉም። ሁለተኛው ሕጋዊ የጊዜ ገደብ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ የሕጉ ሰዓት አይቆምም። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሣ በ2 ዓመት ይታገዳል። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው፣ በይዞታው ላይ የታወከ ሰው የሚያቀርበው ክስም 2 ዓመት ነው ያለው። የወራሽነት ጥያቄ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ 3 ዓመት ነው። «ሽማግሌ ይዞት ነው» እየተባለ ስንት ሰው መብቱን በይርጋ አጥቷል።

ድብደባና ማስፈራራት ባለበት ቤት ሽምግልና መጀመሪያ የሚሄዱበት ቦታ አይደለም። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚል ሽማግሌ አልጠፋም። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። በአዲስ አበባ የፖሊስ ቁጥር 991 ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ መስኮት ማዕከል ደግሞ ለጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናውንም የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎቱንም በአንድ ቦታ ይሰጣል። የሕክምና ማስረጃ ቶሎ ካልተያዘ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል።

## ወረዳ

ወረዳ ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ሰው ያምታታዋል።

አንደኛው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የኪራይ ጥያቄ ያለው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ቢሮ ነው። ቅርብ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልገውም። ውልዎ ካልተመዘገበ ግን ከመሄድዎ በፊት ያስቡበት፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ውሉ የታለ?» ነው።

ሁለተኛው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቶታል። በ1995 ዓ.ም. 5,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ በብዙ ሰፈር የአንድ ክፍል ቤት የወር ኪራይ ነው። ለትንሽ ብድር፣ ለተሰበረ መስኮት፣ ላልተከፈለ የመብራት ድርሻ ግን አሁንም ከሌላው ሁሉ ይቀላል። ፍቺም፣ የቤት ባለቤትነት ክርክርም አያይም። ቅር ያለው ወገን ወደ ከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

## ፍርድ ቤት መር አስማሚነት

ይህ ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙም የማይታወቀው ነው። ይገባው ከነበረው ግማሹን ያህል እንኳ አይነገርለትም። የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በሕግ አቁሞታል። ክስ ይከፈታል፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ክርክር ሳይገባ ለሠለጠነ አስማሚ ይመራል። አስማሚው አይፈርድም። ሁለቱን ወገን አንዳንዴ አብሮ፣ አንዳንዴ ለየብቻ ያነጋግራል። ከተስማሙ ስምምነቱን ዳኛው ያጸድቀዋል። ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለሳል፤ እዚያ የተነገረውም ምስጢር ነው።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት ያላቸውን ጥሩ ጥሩ ነገር የያዘ ነው ማለት ይቻላል። አስማሚው የማንም አጎት አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ወረቀት ይፈጸማል። ክሱ ስለተከፈተም ይርጋ አያሰጋም። ጉድለቱ፣ ሌላው ወገን ልቡ ለመታረቅ ካልመጣ ጥቂት ቀጠሮ ማባከኑ ነው። እኔ ብሆን ቤተሰብ ነክ የገንዘብ ክርክር ሁሉ አንድ ጊዜ በዚህ እንዲያልፍ እጠይቃለሁ።

## መደበኛ ፍርድ ቤት

ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ሲባል ልደታ ብቻ ትዝ ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የፌደራልም የከተማም ፍርድ ቤት አለ። ፍቺ፣ የጋራ ንብረት ክፍፍልና ቀለብ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። የገንዘብ ክርክርም እስከ 10 ሚሊዮን ብር እዚያው ይታያል፤ ከዚያ በላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት የሚኬደው ግን ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ነው። በተሳሳተ በር የገባ ማመልከቻ ወራት ይበላል።

ጥንካሬው ሦስት ነው። ያልመጣውን በመጥሪያ ያስመጣል። በእግድ ንብረት ያስከብራል። ፍርዱንም በአፈጻጸም፣ ካስፈለገም በሐራጅ ያስፈጽማል። ፍርድ ካገኙ በኋላ ለማስፈጸም 10 ዓመት አለዎት። ቅር ያለው ወገን ይግባኝ የሚለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ እስከ ሰበር ይሄዳል፤ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ላሉ ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ነው። ስለዚህ ጠበቃ ስታነጋግሩ «እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ሰበር ምን ብሏል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ጠበቃውንም ታውቁታላችሁ።

ድክመቱ ቀጠሮ ነው። መጥሪያ አልደረሰም፣ ዳኛ ተቀይሯል፣ መዝገብ አልተመረመረም። በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ወደ ሁለት ወር ገደማ ዕረፍት ይወጣሉ፤ ተረኛ ችሎት የሚያየው አጣዳፊ ጉዳይ ብቻ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ክስ የሚከፍት ሰው ይህንን አስቦ ይክፈት።

የዳኝነት ክፍያ በሚጠየቀው ገንዘብ መጠን ይሰላል። መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ያሸነፈ ወገን ደግሞ «ወጪና ኪሳራ» ከተሸናፊው ሊጠይቅ ይችላል፤ ደረሰኝዎን አይጣሉ።

## ሸሪዓና የግልግል ዳኝነት

የፌደራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ የመንግሥት ፍርድ ቤቶች ናቸው። በእስልምና ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስንና ወቅፍን (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረትን) ያያሉ። መሠረቱ የሁለቱም ወገን ፈቃድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ይህንኑ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። በሸሪዓ መዳኘት የማይፈልግ ሰው ቀርቦ «አልፈቀድኩም» ማለት አለበት፤ ያኔ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዝም ብሎ ቤት መቀመጥ እምቢታ አይሆንም።

የግልግል ዳኝነት ለነጋዴ ነው የሚያዋጣው። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ፍቺን፣ ጉዲፈቻን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስንና የመሬት ጉዳይን በግልግል እንዳይዳኙ ከልክሏል። የሁለት ወንድማማቾች የንግድ ሽርክና ክርክር ከሆነ ይሆናል። ለቤተሰብ ጠብ ይዝለሉት።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚሆነው ለምን | ወረቀቱ ይፈጸማል? | ጊዜ | ወጪ | የማይሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሽምግልና | ብድር፣ የውርስ ክፍፍል ንግግር፣ የጎረቤት ጠብ | በደንብ ከተጻፈ ያስገድዳል፤ ለማስፈጸም ግን ፍርድ ቤት ያሻል | አጭር | ከሞላ ጎደል የለም | ጥቃት፣ ፍቺን መወሰን፣ ንብረት ሊሸሽ ሲል |
| የወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት | የመኖሪያ ቤት ኪራይ | አስተዳደራዊ ነው | አጭር | ዝቅተኛ | ውል የሌለው ክርክር፣ የባለቤትነት ጥያቄ |
| ማኅበራዊ ፍርድ ቤት | እስከ 5,000 ብር | አዎ | አጭር | ዝቅተኛ | ፍቺ፣ ትልቅ ገንዘብ |
| ፍርድ ቤት መር አስማሚነት | የገንዘብ፣ የንብረት፣ የቤተሰብ ክርክር | ዳኛ ሲያጸድቀው አዎ | መካከለኛ | የክስ መክፈቻው | አንዱ ወገን ፈጽሞ እምቢ ካለ |
| መደበኛ ፍርድ ቤት | ሁሉም፣ በተለይ ፍቺና እግድ | አዎ | ረጅም | ከፍተኛ | ከወጪው ያነሰ ገንዘብ |
| ሸሪዓ ፍርድ ቤት | የቤተሰብና የውርስ ጉዳይ በፈቃድ | አዎ | መካከለኛ | መካከለኛ | አንዱ ወገን ካልፈቀደ |

## ለየጉዳዩ የቱ?

### ፍቺ

መጀመሪያ አንድ አሮጌ ነገር እናጥራ። በ1952ቱ ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ነበር። ከ1992ቱ ሕግ ወዲህ ግን ሥልጣናቸው ማስታረቅ ብቻ ነው። «ሽማግሌ ፊት ተፋትተናል» ብሎ ሌላ ትዳር የሚይዝ ሰው አሁንም አልጠፋም፤ በሕግ ዓይን ግን የመጀመሪያው ጋብቻ አልፈረሰም።

ሁለት መንገድ አለ። ሁለታችሁም መለያየት ከፈለጋችሁና ስለ ልጅ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ከተስማማችሁ በስምምነት ፍቺ ሂዱ። እዚህ ላይ ነው ሽማግሌና ፍርድ ቤት ጥሩ የሚጋገዙት። ሽማግሌዎች ባሉበት ዝርዝሩን ጨርሱ። በጽሑፍ አድርጉት። ዳኛው ፈቃዳችሁ እውነተኛ መሆኑን ያጣራል፤ እንድታስቡበትም ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ያጸድቃል።

አንዱ ብቻ ከፈለገ በአቤቱታ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ ለማግባባት ይሞክራል ወይም ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ ያደርጋል። የማሰቢያ ጊዜው እዚህም ከ3 ወር አይበልጥም። እርቅ ካልመጣ ፍርድ ቤቱ በ1 ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት። ፍቺው ራሱ እንደሚፈራው ረጅም አይደለም ማለት ነው። ረጅሙ የንብረት ክፍፍሉ ነው።

ስለ ንብረት ሁለት ነገር ይወቁ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «ካርታው በስሜ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ሌላው፣ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። ከተሸጠ ያልፈቀደው ወገን ካወቀ በ6 ወር፣ ባያውቅም ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። «ሊሸጥብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ካለ ሽማግሌ አይጠበቅም፤ እግድ ይጠየቃል።

«ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው» የሚባለውም የአሮጌው ሕግ ቅሪት ነው። ዛሬ ዳኛው የልጁን ጥቅም፣ ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ የወላጆቹን ገቢና ኑሮ አይቶ ይወስናል። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅም ይቻላል፤ እስከ መጨረሻው ፍርድ በባዶ እጅ መጠበቅ የለም።

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩም አልተረሱም። አብሮ መኖሩ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል።

### ኪራይ

አከራይ ማታ መጥቶ «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ፤ ካልሆነም 4,000 ጨምር» ሲል ትክክለኛው መልስ ጠብ አይደለም፤ ውሉን ማውጣት ነው። በአዋጅ 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው አይበልጥም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

የተመዘገበ ውል ካለ በወረዳው ይጀምሩ። ዕቃ ወደ ውጭ ከተወረወረ ወይም ቁልፍ ከተቀየረ ግን ወደ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው ይሂዱ፤ እግዱም እዚያ ነው ያለው። አከራይ ለሆኑም ምክሩ ያው ነው። በጥሬ ገንዘብ የተቀበሉት ኪራይ ዕለቱ ሲደርስ ለማስረዳት ያስቸግራል። የማይከፍል ተከራይን ራስዎ አውጥተው ከጣሉ ደግሞ ከሳሽነትዎ ተገልብጦ ተከሳሽ ይሆናሉ።

### ብድር

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። አሥር ምስክር ቢደረደር አይሠራም። ስለዚህ ምርጫው በወረቀቱ ይወሰናል።

የተፈረመ የብድር ውል ካለ ፍርድ ቤት ጠንካራ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ያኔ ተከሳሹ ለመከላከል ማስፈቀድ አለበት። ወረቀት ከሌለ ግን ሽማግሌ የመጀመሪያም የመጨረሻም ተስፋ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚመጡት ትልቁ ነገር ገንዘቡ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ተበዳሪው ዕዳውን አምኖ የፈረመበት ወረቀት ነው። ያ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

### ውርስና ጎረቤት

የወንድማማቾች የውርስ ጠብ ላይ ሁለቱን ሥራ ለዩ። የወራሽነት ማስረጃ በፍርድ ቤት ይወጣል። ክፍፍሉን በሽማግሌ ተነጋግሮ መጨረስ ይቻላል፤ ክርክር ካለ ንብረቱን የሚያጣራ ሰው በፍርድ ቤት ይሾማል። ከወንድማማቾቹ አንዱ ቤቱን ይዞ እያከራየ «ቀስ ብለን እንነጋገራለን» ካለ 3 ዓመቱን ቁጠሩ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ከፎቅ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጎረቤት ካለ መጀመሪያ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ጋ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩንና መተዳደሪያ ደንቡን ያውቃል። የጣሪያዎን ፎቶ ከነቀኑ ያንሱ። ማኅበሩ ካልረዳ ጥገናው ትንሽ ገንዘብ ከሆነ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይበቃል።

### ኪስ ሲያንስ

ከደሀ ደንብ ሌላ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ገንዘቡ ለጥቂት ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጠበቃውን ለሙሉ ክርክር አትያዙት። የክስ ማመልከቻውንና የማስረጃ ዝርዝሩን ብቻ ያዘጋጅላችሁ፤ ቀጠሮውን ራሳችሁ ተመላለሱ። በደንብ ያልተጻፈ ክስ በኋላ በጥሩ ንግግር አይጠገንም። የጠበቃ ክፍያ ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን፤ ይግባኝና አፈጻጸም ይጨምር እንደሆነ ይገለጽበት።

### ውጭ አገር ላላችሁ

ቨርጂንያ ወይም ቴል አቪቭ የተሰጠ የፍቺ ፍርድ አዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ አይከፍልም። የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 456 ጀምሮ መስፈርቱን ያስቀምጣል። ከእነዚያ አንዱ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ነው። ቤታችሁ እዚህ ከሆነ ስለ ቤቱ እዚህ የሚጸድቅ ስምምነት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ለወንድም የተላከ ገንዘብም አለ። የሐዋላው ደረሰኝ ገንዘቡ መላኩን ያሳያል። ብድር ይሁን ስጦታ፣ ወይም ቤት መሥሪያ ይሁን አያሳይም። ከመላክ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይፈረም።

ውክልና የምትልኩ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተዘጋጅቶ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሰው ውልና ማስረጃ በሚለው፣ ያልፋል። «በማንኛውም ጉዳይ ይወክለኛል» የሚል ጠቅላላ ቃል ግን አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ለመታረቅም ጭምር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወኪላችሁ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ እንዲስማማላችሁ ከፈለጋችሁ «ለመታረቅ» የሚለው ቃል ውክልናው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልፈለጋችሁም ሆን ብላችሁ አውጡት።